የማካፈል ጥያቄ በዐረፍተ ነገር ሲመጣ

ኮምቦልቻ አካባቢ በማስተምርበት አራተኛ ክፍል፣ ማካፈልን በቁጥር ሲሰጧቸው የሚያቀላጥፉ ልጆች ያው ስሌት በዐረፍተ ነገር ሲመጣ እርሳስ ይዘው ይቀሩ ነበር። ብዙዎቹ ቤታቸው የሚናገሩት ኦሮምኛ ነው፤ ያደናቀፋቸው ንባቡ ነበር።

አሁን ጥያቄውን ከባቲ የሰኞ ገበያ አወጣለሁ፦ 24 ፍየል ለ6 ነጋዴ እኩል ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ ስንት ይደርሳል? መጀመሪያ በጠጠር ያካፍሉታል። ጥንድ ጥንድ ሆነው በሚቀናቸው ቋንቋ ይነጋገሩበታል፤ በአማርኛ የሚጽፉት ከዚያ በኋላ ነው። ጫጫታው ለጎረቤት ክፍል አይመችም፣ ግን ይሠራል።

ቀድመው የጨረሱትን ሌሎችን አስረዱ ብሎ መተው አልወድም፤ እነሱም ሊማሩ ነው የመጡት። ስለዚህ ቀሪ ያለው አዲስ ጥያቄ ይፈጥራሉ። በፈተና ቀንም ጥያቄውን ጮክ ብዬ ሁለት ጊዜ አነብላቸዋለሁ።