ሌላ የእጅ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት

መሳቢያችሁ በእጅ ባትሪ ሞልቶ ሳለ ባሕር ዳር ገበያ ላይ ሌላ አይታችሁ ልባችሁ ከከጀለ፣ መጀመሪያ ይህን ሞክሩ። ማታ ያሏችሁን ሁሉ አውጥታችሁ አልጋ ላይ ደርድሩና አንድ በአንድ አብሩ። እኔ ባለፈው ሳምንት ዘጠኝ ደረደርኩ፤ የበሩት አራት ብቻ ናቸው። የአንዱን ክዳን ስፈታው ድንጋዩ አፍስሶ ሽቦው ላይ ነጭ ዱቄት ጋግሯል። ጥጥ በሎሚ ነክሬ ጠረግኩት፣ በደንብ አደረቅኩት፣ አዲስ ድንጋይ ስከትበት ቦግ አለ! ደስ ሲል።

ሻጩ «ይሄኛው እጥፍ ያበራል» ቢላችሁም አትቸኩሉ። ዓይናችን ብርሃንን በቁጥሩ ልክ አያይም። የ500 ሉመን (ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ባትሪ ካላችሁ፣ እጥፍ የደመቀ የሚመስላችሁ 1000 ሳይሆን ወደ 2000 የሚጠጋው ነው።

እኔ የምገዛው ካሉኝ አንዱም የማይሠራው ሥራ ሲኖር ነው። ለምሳሌ በጣና ላይ በጀልባ ወደ ዘጌ የሚመላለስ ሰው ውሃ የማያስገባ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ባትሪ ያስፈልገዋል። ያ ከሌላችሁ ግዙ፣ አይቆጫችሁም። ካላችሁ ግን በብሩ ጥሩ ድንጋይ ግዙበት። ለጊዜው ከማትጠቀሙበት ባትሪ ደግሞ ድንጋዩን አውጡለት።