ባሕር ዳር ሆነው የዮጋ አስተማሪ ለመሆን ሲዘጋጁ

የተለመደው የ200 ሰዓት የዮጋ አስተማሪነት ሥልጠና ጀማሪን አስተማሪ አያደርግም። የቆየ ልምድ ያለውን ሰው ግን ማስተማር ያስጀምረዋል። ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት ቢያንስ ስድስት ወር፣ ቢቻል አንድ ዓመት፣ በሳምንት አምስት ቀን ይሥሩ። በቀን 45 ደቂቃ ይበቃል። ቅዳሜ ብቻ ሁለት ሰዓት ከመሥራት በየቀኑ 25 ደቂቃ ይሻላል፤ ጡንቻ ቶሎ ይጠነክራል፣ ጅማት ግን ዘግይቶ ስለሚለምድ አልፎ አልፎ በብዛት የሚሠራ ሰው ይጎዳል።

ባሕር ዳር ላይ ጥሩው ሰዓት ጠዋት ነው፤ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል። ከየካቲት እስከ ግንቦት ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ያደክማል፤ ሲመሽ ደግሞ ሐይቁ ዳር የወባ ትንኝ አለ። ጣና ዳር ሣር ላይ መሥራት ደስ ይላል፤ ጤዛው ግን ምንጣፉን ያንሸራትታል፣ ከሥር ጆንያ ወይም ሸራ ያንጥፉ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጎህ ሳይቀድ ምንጣፍ ይዘው አይውረዱ፤ ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ይወጣል፣ ሲመለስም መንገዱን የዘጋበትን አይወድም።

ቤት ውስጥ ሲሚንቶ ወለል ላይ ከሆነ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ምንጣፍ ይምረጡ። ለጉልበት የታጠፈ ጋቢ ይጨምሩ፤ ከእጅ ሥር ግን አያድርጉ፣ መዳፍ ለስላሳ ነገር ውስጥ ሲሰምጥ የእጅ አንጓ የባሰ ይታጠፋል። እጅ ወለል ካልደረሰ የሚያርፍበትን የእንጨት መደገፊያ አናጺ ይሠራዋል፦ 23 በ15 በ10 ሴንቲ ሜትር፣ ጠርዙ የተሞረደ፣ ሁለት። እጅ ያልደረሰበትን እግር ለመሳብ ለሚያገለግለው ማሰሪያ ሁለት ሜትር የሻንጣ ጥብጣብ ይሻላል፤ ነጠላ ይለጠጣል፣ ይንሸራተታልም።

ለስምንት ሳምንት አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ብቻ ይሥሩ። አምስት ዙር ሱርያ ናማስካር (ከትንፋሽ ጋር ተያይዞ የሚሠራው «የፀሐይ ሰላምታ» ቅደም ተከተል)፣ አራት የቁም አቋም፣ አንድ ወደ ኋላ መለጠጥ፣ አንድ ጥምዝ፣ ከዚያ ሰባት ደቂቃ ዕረፍት። አሰልቺ ነው፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው። እንቅስቃሴው አዲስ መሆኑን ሲያቆም ትከሻዎ የት እንደሚጨናነቅ፣ የትኛው እግርዎ እንደሚሸሽ ይታይዎታል። ደብተር ይያዙና በየቀኑ ሁለት መስመር ይጻፉ፦ የት አመመኝ፣ ትንፋሼ የት ተቆረጠ። አፍዎን ከፍተው መተንፈስ ካስፈለገዎት ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው። ለትንፋሽ ልምምድ በአፍንጫ አራት እየቆጠሩ ማስገባት፣ ስድስት እየቆጠሩ ማስወጣት፣ ለአሥር ደቂቃ። ትንፋሽ መያዝን ያለ አስተማሪ አይሞክሩ።

በዚህ ጊዜ ሁለት ጉዳቶች በተለይ ይደጋገማሉ። አንደኛው ቻቱራንጋ ላይ ነው፣ ማለትም ሰውነትን ቀጥ አድርጎ በእጅ ወደ ወለል ዝቅ ማለት፦ ሰውነት ሲወርድ ትከሻ ከክርን በታች ይወርዳል፣ ጫናው ሁሉ የትከሻውን ፊት ለፊት ይመታል። ክርን 90 ዲግሪ ሲታጠፍ ያቁሙ፤ ካልቻሉ ጉልበትዎን መሬት ያስነኩ። ሁለተኛው ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው፦ ጉልበት ሳያጥፉ በየቀኑ ወደ ፊት ማጎንበስ፣ ከዚያ መቀመጫ አጥንት ላይ እንደ ነጥብ ያለ ሕመም። ብዙ ሰው «ሰውነቴ ስለደረቀ ነው» ብሎ ይበልጥ ይለጠጣል፤ የተጎዳው ግን ጅማቱ አጥንቱን የሚይዝበት ቦታ ስለሆነ መለጠጥ ያባብሰዋል። መለጠጡን ይተዉ፣ ጉልበት አጥፈው ይሥሩ፣ የኋላ ጭንን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይጨምሩ። ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ሥልጠና ሲመርጡ መጀመሪያ የሚመጣው ስም ዮጋ አሊያንስ ነው። በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመ የምዝገባ ድርጅት እንጂ ፈቃድ ሰጪ መንግሥታዊ አካል አይደለም። የ200 ሰዓቱ መስፈርት ቢያንስ 75 ሰዓት ለአሠራርና ለልምምድ፣ 30 ለአካል አወቃቀር፣ 30 ለታሪክና ለፍልስፍና፣ 50 ለማስተማር ሙያ ይመድባል። ማንኛውንም ትምህርት ቤት ይህን ክፍፍል በጽሑፍ ይጠይቁት። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ጥያቄ ይበልጣል፦ «እኔ ቆሜ የማስተምረው ስንት ሰዓት ነው?» መልሱ ከአሥር ሰዓት በታች ከሆነ ሌላ ይፈልጉ። ሕንድ ሄደው ሦስት ወይም አራት ሳምንት መቀመጥ የተለመደ ነው፤ ቀኑ ሙሉ ስለሆነ ሰውነት ይደክማል፣ ያልዳነ ጉዳት ይዘው አይሂዱ። በኢንተርኔት የሚሰጥ ከሆነ ቪዲዮው ወርዶ መቀመጥ የሚችል መሆኑን ያረጋግጡ፤ መብራትና ኔትወርክ በቀጥታ ትምህርት መሐል ሲጠፋ ያመለጠው ሰዓት እንዴት እንደሚካካስ ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ።

የትኛውም ሥልጠና የማያስተምርዎት ነገር በአማርኛ መምራት ነው። መመሪያውን በእንግሊዝኛ ተምረው ቃል በቃል ሲመልሱት ክፍሉ ይበተናል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያመጣል። «ቀኝ እግራችሁን ከኋላ ወደ ሁለቱ እጆቻችሁ መሐል አምጡ» ሲሉ ተማሪው «አምጡ» እስኪመጣ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም፤ ትንፋሹ አልቋል። ይቆራርጡት፦ «አየር ሳቡ። ቀኝ እግር፣ ወደ ፊት። በእጆች መሐል።» መጀመሪያ ትንፋሽ፣ ቀጥሎ የአካል ክፍል፣ ከዚያ አቅጣጫ። ግሱ ቢቀር ማንም አይቸገርም።

«ተንፍሱ» ብቻውን አደገኛ ቃል ነው፤ ግማሹ ያስገባል፣ ግማሹ ያስወጣል። «ሳቡ» እና «አስወጡ» ይበሉ። «ልቀቁ» ለትንፋሽ ጥሩ ይመስላል፣ ግን እጁን ወደ ላይ ያነሣ ሰው እጁን ይለቀዋል። «ከወገባችሁ ታጠፉ» ደግሞ ታች ጀርባን ያጎብጣል፤ «ከዳሌያችሁ» ቢሉ ትክክል ነው፣ ክፍሉ ግን ይስቃል። መፍትሔው ጣት ነው፦ «ጭንና ሆድ በሚገናኙበት እጥፋት ላይ ጣታችሁን አድርጉ፣ ከዚያ ታጠፉ።» ሁሉንም በብዙ ቁጥር ይምሩ፤ ወጣትና ሽማግሌ፣ ወንድና ሴት በአንድ ክፍል ሲኖሩ «እናንተ» ማንንም አያስቀይምም። ለአንድ ትልቅ ሰው ለብቻ ሲያርሙ ግን «እርስዎ» ነው፣ ድምፅም ዝቅ ይላል። ፊታቸውን ወደ እርስዎ አዙረው ከቆሙ እርስዎ ግራዎን እያነሡ «ቀኝ» ይበሉ፤ ይህን ብቻውን መስታወት ፊት ሳይለማመዱ ክፍል አይግቡ።

ባላሳና፣ ተንበርክኮ ግንባርን መሬት የማስነካት የዕረፍት አቋም፣ ስግደት ይመስላል፤ አንዳንዱ ተማሪ በዚያ አቋም ምቾት አይሰማውም። ጎን ተኝቶ መጠቅለልን በአማራጭነት ያቅርቡ እንጂ አይከራከሩ። ዮጋ ከየት እንደመጣ ሲጠየቁ እውነቱን ይናገሩ፦ ሕንድ ውስጥ፣ በሃይማኖታዊ ትውፊቶች መካከል የተወለደ ነው። «ስፖርት ብቻ ነው» ብሎ ማለፍ ነገ ያስገምታል። የዮጋ ጥንታዊ ጽሑፍ የሆኑት የፓታንጃሊ የዮጋ ሱትራዎች እንደ ቅጂው 195 ወይም 196 አንቀጾች አሏቸው፤ ስለ አቀማመጥ በቀጥታ የሚናገሩት ሦስት ናቸው። እርስዎ የሚያስተምሩት የትኛውን ክፍል እንደሆነ፣ ዝማሬ እንዳለና እንደሌለ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ያሳውቁ።

እሑድ ጠዋት ክፍል አይክፈቱ፤ ቅዳሴ ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምና በረመዳንም፣ ባዶ ሆድ የመጣ ሰው ይኖራል፤ ያኔ ረጅም የቁም ሥራና ፈጣን ትንፋሽ ይቀንሱ፣ ከወለል በድንገት አያስነሡ። ከክፍል በፊት ሦስት ነገር ለብቻ ይጠይቁ፦ እርግዝና፣ የደም ግፊት፣ የዓይን ግፊት። ነፍሰ ጡር ከ20 ሳምንት በኋላ በጀርባዋ ረጅም ጊዜ አትተኛ፣ ጥልቅ ጥምዝም ይቅርባት። ከፍተኛ የደም ግፊት ወይም ግላኮማ ያለበት ሰው ጭንቅላቱ ከልቡ በታች የሚሆንበትን አቋም ይተው፤ ካፓላባቲም (ሆድን እየሳቡ ትንፋሽን በፍጥነትና በኃይል ማስወጣት) ለደም ግፊት ሕመምተኛና ለነፍሰ ጡር አይሆንም። በጭንቅላት መቆምን በመጀመሪያው ዓመት ጨርሶ አያስተምሩ። በእጅ ለማረም ሁሌ ይጠይቁ፤ ተቃራኒ ጾታ ከሆነ በቃልና በማሳየት ቢያርሙ ይበልጣል።

ልምምዱን በሦስት ሰው ይጀምሩ፦ አንድ ጎረቤት፣ አንድ ከእርስዎ በዕድሜ የሚበልጥ፣ አንድ ምንም ያልሞከረ። ለ60 ደቂቃ ክፍል 5 ደቂቃ መቀመጥ፣ 10 ማሟሟቅ፣ 12 ሱርያ ናማስካር፣ 15 የቁም፣ 10 የወለል፣ 8 ዕረፍት። በስልክ ድምፅዎን ይቅዱና ማታ ያድምጡ። «እሺ» ስንት ጊዜ እንዳሉ ይቁጠሩ። አዲስ አስተማሪ ዝምታን ስለሚፈራ ዕረፍቱን እንኳ በወሬ ይሞላዋል።

የዚህን ዕረፍት ስም አይተርጉሙ። ሻቫሳና ማለት የሬሳ አቋም ነው፤ ባሕር ዳር ላይ ለጀማሪ «አሁን እንደ ሬሳ ተኙ» ያለ አስተማሪ ሁለተኛ ቀን ሰው አያገኝም። «ማረፊያ» ይበሉ። ጋቢ ያልብሷቸው፤ ላብ ሲደርቅ ሰውነት ይቀዘቅዛል። ሊጨርሱ ሁለት ደቂቃ ሲቀር ጣት እንዲያንቀሳቅሱ ይንገሯቸው፣ ወደ ቀኝ ጎን ያዙሯቸው፣ ከዚያ በእጃቸው ገፍተው፣ ጭንቅላታቸው መጨረሻ ላይ እንዲነሣ።