ከአልጋው በፊት ፍሬኑ፦ ከመሀል አዲስ አበባ ካራቫን ለሚጎትቱ

ካራቫን ከመኪና ኋላ የሚጎተት፣ አልጋና ማብሰያ ያለው ተሳቢ ነው። ያገለገለ ሆኖ ከውጭ የገባም ይሁን እዚሁ ብየዳ ቤት በቱቦላሬና በላሜራ የተሠራ፣ ገዢው መጀመሪያ የሚያየው አልጋውን፣ ቁም ሳጥኑንና ቀለሙን ነው። ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ሲወርድ ግን የሚያቆመው አልጋው አይደለም። ስለዚህ ገንዘቡ ውስን ከሆነ ቅደም ተከተሉ ፍሬን፣ ጎማ፣ ኩሽኔታ፣ መብራት ነው። ፍሪጅና ሶላር ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ።

ሚዛኑ

ባዶውን 750 ኪሎ የሚመዝን ትንሽ ካራቫን እንውሰድ። 60 ሊትር ውኃ 60 ኪሎ ነው። ሙሉ የ12.5 ኪሎ ጋዝ ከነሲሊንደሩ 25 ኪሎ ገደማ፣ 100 አምፒር ሰዓት የሚይዝ የአሲድ ባትሪ 30 ኪሎ፣ ፍሪጁ 40 ኪሎ፣ ስኮርታ ጎማና ክሪክ 25 ኪሎ። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ምግብና ዕቃ በትንሹ 120 ኪሎ ይሆናል። ድምሩ 1,050 ኪሎ ነው። ባዶ ክብደቱን ብቻ ሰምቶ የገዛ ሰው 300 ኪሎ ሳያስበው ይጎትታል ማለት ነው። የጭነት መኪና በሚመዘንበት ሚዛን ላይ አንድ ጊዜ ሙሉ ጭነቱን እንደያዘ ቢያስመዝኑት ጭቅጭቁ ያልቃል።

የመኪናው መመሪያ ‹‹ይህን ያህል ኪሎ ይጎትታል›› ሲል በቆላ ያለውን ጉልበት ነው የሚናገረው። መሀል አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። የአንዳንድ አምራቾች መመሪያ ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከጠቅላላ ክብደቱ 10 በመቶ ቀንሱ የሚለው ለዚሁ ነው። 1,500 ኪሎ ይጎትታል የተባለ ቱርቦ የሌለው መኪና በእንጦጦ ጎን ወደ ሱሉልታ ሲወጣ ከ1,500 ኪሎ በእጅጉ ያነሰ ይብቃው።

ከጠቅላላው ክብደት ይልቅ አደገኛው አቀማመጡ ነው። የተሳቢው አፍንጫ በመኪናው ጋንቾ (ተሳቢው በሚያያዝበት ኋላ ያለ መጎተቻ) ላይ የሚጥለው ክብደት ከተሳቢው ክብደት 10 በመቶ አካባቢ መሆን አለበት፤ ለ1,050 ኪሎ 105 ኪሎ። ከዚያ በታች ወርዶ ጭነቱ ወደ ጅራቱ ካዘነበለ፣ ተሳቢው በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ እንደ ዓሣ ጭራ መወዛወዝ ይጀምራል። መለኪያው ቀላል ነው፦ ሰው የሚመዘንበትን ሚዛን አፍንጫው ሥር ያስቀምጡ፣ በላዩ ላይ የጋንቾውን ከፍታ የሚያክል ጠንካራ እንጨት ያቁሙ፣ ጎማዎቹን በታኮ ይያዙ፣ ከዚያ አፍንጫውን እንጨቱ ላይ አሳርፈው ያንብቡ። ቁጥሩ ካነሰ ከባድ ዕቃዎችን ከአክሱ (የግራና የቀኙን ጎማ ከሚያያይዘው ብረት) ፊት ያድርጉ። ከበዛም ጋንቾው ላይ ከተጻፈው ወሰን እንዳያልፍ ይመልከቱ፤ የብዙ የቤት መኪናዎች ወሰን ከ75 እስከ 100 ኪሎ ብቻ ነው። የውኃ ጋኑ ከአክሱ ኋላ ከሆነ ባዶውን ሄዶ እዚያው መሙላት ይሻላል።

ማያያዝ

የጋንቾው ኳስና የተሳቢው አፍ ልካቸው አንድ መሆን አለበት። ገበያ ላይ 50 ሚሊ ሜትር የሚለውም፣ 2 ኢንች (50.8 ሚሊ ሜትር) የሚለውም፣ 1⅞ ኢንች (47.6 ሚሊ ሜትር) የሚለውም አለ፤ በዓይን አይለዩም። ትንሹ ኳስ በትልቁ አፍ ውስጥ ‹‹የገባ›› ይመስላል፣ የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ግን ይወጣል። በካሊፐር ይለኩ።

ተሳቢውን ኳሱ ላይ ካወረዱና ከቆለፉ በኋላ አያምኑት። የፊቱን ትንሽ ጎማ ማንሻ እያዞሩ አፍንጫውን ወደ ላይ ይግፉት፤ የመኪናው ኋላ አብሮ ከተነሳ ይዟል፣ አፍንጫው ብቻውን ከተነሳ አልያዘም። ሁለቱን ሰንሰለቶች ከአፍንጫው ሥር አጣምረው እንደ መስቀል ይሰሩ፤ አፍንጫው ቢያመልጥ መሬት ላይ ሳይሆን ሰንሰለቱ ላይ ይተኛል። የድንገተኛ ፍሬኑ ሽቦ (ተሳቢው ቢያመልጥ ፍሬኑን የሚስበው) የሚታሰረው በኳሱ አንገት ሳይሆን በመኪናው ቋሚ አካል ላይ ነው፤ ኳሱ ራሱ ቢነቀል ሽቦው አብሮ ይሄዳልና። በመጨረሻ የእጅ ፍሬኑ ይፈታ፣ ትንሹ ጎማ እስከ መጨረሻው ይነሳ። ይህችን ትንሽ ጎማ ዝቅ እንዳለች ረስቶ መንዳት የተለመደ ስህተት ነው፤ የመጀመሪያዋ የፍጥነት መቀነሻ ላይ ትታጠፋለች።

መብራቱ ባለ 7 ቀዳዳ የአውሮፓ ሶኬት ከሆነ የቁጥሮቹ ድልድል ይህ ነው፦ 1 ግራ ፍሬቻ (ቢጫ)፣ 2 የጭጋግ መብራት (ሰማያዊ)፣ 3 ማሳ፣ ማለትም የጋራ መመለሻ ሽቦ (ነጭ)፣ 4 ቀኝ ፍሬቻ (አረንጓዴ)፣ 5 ቀኝ ፓርኪንግ (ቡናማ)፣ 6 ስቶፕ (ቀይ)፣ 7 ግራ ፓርኪንግ (ጥቁር)። እዚህ የተሠራ ተሳቢ ላይ ቀለሙን ሳይሆን ቁጥሩን ይከተሉ፤ ኤሌክትሪሻኑ እጁ ላይ ባለው ሽቦ ነው የሚሠራው። የአሜሪካ ተሳቢ ሶኬት ቅርጹም ድልድሉም ሌላ ነው። ፍሬቻ ሲያበሩ ስቶፑና ፓርኪንጉ አብረው ቦግ እልም ካሉ አምፖል አይቀይሩ፤ ችግሩ ማሳው ነው። የነጩን ሽቦ ጫፍ ፍቀው፣ የሚታሰርበትን ብረት ቀለሙን አንስተው መልሰው ይሰሩት።

ፍሬኑ

750 ኪሎ የሚደርስ ተሳቢ በብዙ አገር ያለ ራሱ ፍሬን እንዲጎተት ይፈቀዳል። የአዲስ አበባን ቁልቁለት ለሚያውቅ ሰው ግን 500 ኪሎም ቢሆን ፍሬን ያለው ይሻላል። ያገለገሉ የአውሮፓ ካራቫኖች ግፊት ፍሬን አላቸው፦ መኪናው ሲይዝ ተሳቢው ወደፊት ይገፋል፣ ግፊቱ በገመድ አድርጎ የራሱን ሸራ (ጎማውን እየፈተገ የሚያቆመውን የፍሬን ክፍል) ይስባል። የድሮዎቹ አንድ ጠባይ አላቸው፤ ወደ ኋላ ሲሄዱም ግፊት ስለሚሰማቸው ይይዛሉ። አፍንጫው ላይ ያለችውን ማገጃ ሳያስገቡ ዳገት ላይ ወደ ኋላ መግፋት ፍሪሲዮን ማቃጠል ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው የአሜሪካ ፍሬን ደግሞ መኪናው ውስጥ መቆጣጠሪያ ካልተገጠመለት ጭራሽ አይዝም፤ ሻጩ ‹‹ፍሬን አለው›› ሲል መቆጣጠሪያው የት እንዳለ ይጠይቁ።

ከተማው ውስጥ

ተሳቢ ጥግ ሲታጠፍ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ስለዚህ መታጠፊያውን አልፎ፣ የመኪናው ወገብ ከጠርዙ ሲያልፍ ነው መሪው የሚዞረው። አደባባይ ላይ ቀኙን ክፍት ሲያዩ ሚኒባስ ታክሲዎች መግባታቸው አይቀርም፤ ሰፊ መዞር ካስፈለገ ፍሬቻው ቀደም ብሎ ይብራ። መውጫው ሰዓት ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት ቢሆን ይመረጣል። በመስቀል አደባባይ በበዓልና በሩጫ ቀን መንገድ ስለሚዘጋ የእሁድ ጉዞን አስቀድሞ ማጣራት ይገባል።

ወደ ኋላ ሲሄዱ መሪውን ከታች በኩል በአንድ እጅ ይያዙ። እጅዎ ወደ ቀኝ ሲሄድ የተሳቢው ጅራት ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ወደ ግራም እንዲሁ። ጥቂት ያዙሩ፣ ይጠብቁ፣ ያስተካክሉ። ማዕዘኑ ከበዛ ወደፊት ወጥቶ መጀመር እንጂ መታገል አያዋጣም፤ የመኪናው ጥግ የተሳቢውን ላሜራ ይቀዳል። ‹‹ና! ና!›› የሚል ረዳት ካለ በመስታወት የሚታይ ቦታ ይቁም፤ ‹‹ያዝ!›› ያለው ከተሳቢው ኋላ ሆኖ ከሆነ ድምፁ ሲደርስ ግንቡም ደርሷል።

ቁልቁለትና ውዝዋዜ

ከአዲስ አበባ ወደ ላንጋኖ ሲወረድ 750 ሜትር ያህል ቀስ እያለ ይቀንሳል፤ ጎጃም መስመር ላይ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ግን ከ1,000 ሜትር በላይ በአንድ ትንፋሽ ነው። ማርሽ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፦ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ። ፍሬን ሲያስፈልግ ጠንከር አድርጎ መያዝና መልቀቅ እንጂ ሳያቋርጡ መርገጥ ሸራውን ያግላል፣ የጋለ ሸራ አይዝም። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ቆሞ በአየር ማቀዝቀዝ ነው፤ በጋለ ታምቡር (ሸራው በሚይዘው ክብ ብረት) ላይ ውኃ ማፍሰስ ይሰነጥቀዋል።

ተሳቢው መወዛወዝ ከጀመረ መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ ነዳጁን ይልቀቁ፣ የመኪናውን ፍሬን አይርገጡ፣ ለማምለጥም ፍጥነት አይጨምሩ። የኤሌክትሪክ ፍሬን ካለው የተሳቢውን ብቻ በእጅ ይያዙ። ከቆሙ በኋላ መንስኤውን ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ከኋላ የተጫነ ውኃ ወይም ንፋሱ የወረደ ጎማ ነው። ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት ጥቅሙ ምን እንደሆነ አይገባንም።

ኩሽኔታና ጎማ

በየዓመቱ ወይም በየ20,000 ኪሎ ሜትሩ፣ ቀድሞ በደረሰው፣ ኩሽኔታው ይወጣል። ጎማውን በክሪክ አንስተው፣ ሌላውን በታኮ ይዘው ክዳኑን፣ ኮፒሊያውን (ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘውን ቀጭን ብረት)፣ ዳዶውን ይፍቱ። ሞዞውን (ጎማው የሚታሰርበትን መሀል ክፍል) አውጥተው ኩሽኔታዎቹን በናፍጣ አጥበው ያድርቁ። ሰማያዊ ቀለም ያወጣ፣ የተቦረቦረ ወይም ሲዞር የሚንገጫገጭ ይጣል፤ ሲቀየርም ከነውጫዊ ቀለበቱ ነው። መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ሲሄዱ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፣ በመጠኑ ሳይሆን ጎኑ ላይ በተመታው ቁጥር ይግዙ።

ግራሶው ለኩሽኔታ የሚሆን ባለ ሊትየም ቁጥር 2 ይሁን። መዳፍ ላይ አድርገው ኩሽኔታውን በሰፊው ጎኑ እየገፉ በሌላው ወገን እስኪወጣ ይሙሉት፤ ላዩን መቀባት ብቻ ዋጋ የለውም። የዘይት መከለያ ጎማው ሁልጊዜ አዲስ ነው። ዳዶውን ጎማውን እያዞሩ ያጥብቁ፣ ከዚያ ይፍቱት፣ በጣት ብቻ እስኪይዝ መልሰው ያጥብቁና ለሚቀርበው ቀዳዳ አላልተው አዲስ ኮፒሊያ ያስገቡ። እዚህ ላይ ጉልበተኛ መካኒክ ጠላት ነው፤ አጥብቆ ያሰረው ኩሽኔታ ገና ከተማ ሳይወጡ ይግላል። የመጀመሪያው 50 ኪሎ ሜትር ላይ ቆመው እጅዎን ወደ ሞዞው ያስጠጉ፤ ለብ ያለ ጤናማ ነው፣ እጅ የማያስቀምጥ ግን አይደለም። እዚያው የጎማ ዳዶዎቹንም መልሰው ያጥብቁ።

የካራቫን ጎማ በመልበስ ሳይሆን በዕድሜ ነው የሚሞተው። ጎኑ ላይ የተመታው ባለ 4 አሃዝ ቁጥር 2319 ከሆነ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ከ6 ዓመት በላይ ከሆነ አይጎተትበትም። ንፋሱን ጎሚስታ ቤት ሲያስሞሉ ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለ ይሁን፤ ስምጥ ሸለቆ ሲደርስ በሙቀት መጨመሩ የተፈጥሮ ነው፣ እዚያ አያስተንፍሱት።

ውስጡ

ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ መውጫ ቀዳዳው ከወለሉ አጠገብ መሆን አለበት። መጋጠሚያዎቹ በሳሙና አረፋ ይፈተሻሉ፣ በጉዞ ላይ ሲሊንደሩ ይዘጋል። ከሰል ውስጥ አይገባም፤ ለቡናም፣ ለብርድም፣ ‹‹ፍም ብቻ ነው›› ተብሎም። ሽታ የሌለው መርዝ ጋዙ ተኝቶ ያለን ሰው ሳያስነሳ ይገድላል።

የውኃ ጋኑን ከጉዞ በፊት ለ60 ሊትር 60 ሚሊ ሊትር ሽቶ የሌለው 5 በመቶ በረኪና ጨምረው፣ ቧንቧዎቹን ሁሉ ከፍተው አሳልፈው፣ ቢያንስ 4 ሰዓት አቆይተው ሽታው እስኪጠፋ ያጥቡት። የአሲድ ባትሪ ሙሉ ሲሆን 12.7 ቮልት፣ ግማሽ ሲሆን 12.2 ገደማ ያሳያል፤ ከ12 በታች መውረድ ዕድሜውን ያሳጥራል። አንድ የ100 ዋት ሶላር በጠራ ቀን ከ25 እስከ 30 አምፒር ሰዓት ይሰጣል፤ ፍሪጅ ብቻውን ይህን ይጨርሳል።

ክረምት

ጣራው የሚፈተሸው ሰኔ ሳይገባ ነው። የመስኮትና የማዕዘን መጋጠሚያ ላይ ሲልኮን መለጠፍ የተለመደ ቢሆንም ስህተት ነው፤ በአሮጌ ሲልኮን ላይ ምንም ነገር አይጣበቅም። ፍቀው አንስተው በፖሊዩሬቴን ማሸጊያ ይተኩት። ግቢ ውስጥ ሲቆም አፍንጫው ትንሽ ከፍ ይበል፣ ውኃው ወደ አንድ ወገን እንዲወርድ። የባትሪው ገመድ ይፈታ፣ የእጅ ፍሬኑም አይያዝ፣ በታኮ ብቻ ይቁም፤ በዝናብ ወራት የተያዘ ሸራ ከታምቡሩ ጋር ይጣበቃል። መስከረም ላይ ከመጎተት በፊት እያንዳንዱን ጎማ አንስተው በእጅ ያዙሩት። የተጣበቀ ካለ በመኪና ጎትተው አያላቁት፣ ሸራው ይነቀላል፤ ታምቡሩን ዙሪያውን በእንጨት መዶሻ ቀስ እያሉ መምታት ይበቃል።