እስክንድርያን በሁለት ቀን ለመጎብኘት፦ ከከርሰ ምድር መቃብሩ እስከ ባሕሩ ዳር

እስክንድርያ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ331 ዓመት በታላቁ እስክንድር ከተቆረቆረች ጀምሮ ሰው ሲኖርባት የቆየች ከተማ በመሆኗ፣ ጥንታዊው ከተማ አብዛኛው በዛሬዎቹ መኖሪያ ቤቶችና ጎዳናዎች ሥር ተቀብሯል፤ የነገሥታቱ ሰፈር ከፊሉም በምሥራቁ ወደብ ውኃ ውስጥ ሰጥሟል። ስለዚህ እንደ ሉክሶር ያለ ግዙፍ ቤተ መቅደስ አያለሁ ብሎ የሚሄድ ሰው ቅር ሊሰኝ ይችላል። የሚሻለው ከደቡብ ምዕራቡ የካርሙዝ ሰፈር ጀምሮ ወደ ባሕሩ እየቀረቡ፣ የአንዱን ቅሪት ከሌላው ጋር እያገናዘቡ ማየት ነው፤ ለዚህም ሁለት ሙሉ ቀን ያስፈልጋል።

ከካይሮው የራምሴስ ጣቢያ የሚነሣው ባቡር እንደ ዓይነቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ወይም ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ባቡሩ መጀመሪያ ሲዲ ጋብር በሚባለው ጣቢያ ስለሚቆም ደርሻለሁ ብለው እንዳይወርዱ፤ ለአሮጌው ከተማ የሚቀርበው የመጨረሻው፣ የምስር ጣቢያ ነው። ጸደይና መኸር ለጉብኝት ይመቻሉ። በሐምሌና በነሐሴ ግብፃውያን ራሳቸው የካይሮን ሙቀት ሸሽተው ስለሚመጡ ከተማዋ ትጨናነቃለች፤ በታኅሣሥና በጥር ደግሞ ማዕበሉ አንዳንድ ጊዜ የባሕር ዳሩን ግንብ ዘሎ መንገዱን ያጥለቀልቀዋል።

በመጀመሪያው ቀን ሰው ሳይበዛ በጠዋት ወደ ኮም ኤል ሾቃፋ ይሂዱ። ይህ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከዓለት የተፈለፈለ ባለ ሦስት ደረጃ የከርሰ ምድር መቃብር ሲሆን፣ የተገኘውም እ.ኤ.አ. በ1900 አንድ አህያ ጉድጓድ ውስጥ በመውደቁ እንደሆነ ይነገራል። በጠመዝማዛው ደረጃ ሲወርዱ የሟች ዘመዶች ለዝክር ተሰብስበው ይበሉበት የነበረውን አዳራሽ ያገኛሉ። ከዋናው መቃብር በር ላይ ግን ረጋ ብለው ይቁሙ፤ የግብፃውያኑ የሙታን አምላክ አኑቢስ የሮማ ወታደር ጥሩር ለብሶ ተቀርጾ የሚታየው እዚያ ነው። በእኔ ግምት የእስክንድርያን ማንነት ከዚህ ቅርጽ በተሻለ የሚያሳይ ነገር በከተማዋ ውስጥ የለም፤ ግብፃዊው እምነት፣ የግሪኩ የእጅ ጥበብና የሮማው ሥልጣን በአንድ ድንጋይ ላይ ተገናኝተዋልና። ወለሉ እርጥብ ሊሆን ስለሚችል የማያንሸራትት ጫማ ያድርጉ።

ከዚያ በእግር ጥቂት እንደተጓዙ 27 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውን የአስዋን ቀይ ግራናይት ዓምድ ያገኛሉ። በተለምዶ የፖምፔ ዓምድ ቢባልም የቆመው፣ በስንክሳራችን ሰማዕታትን ሲያሳድድ ለምናውቀው ለዲዮቅልጥያኖስ ክብር ነው። በዙሪያው ሴራፒስ የተባለው አምላክ ቤተ መቅደስ ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ391 ፈርሶ ዛሬ የቀሩት የከርሰ ምድር መተላለፊያዎቹና የተበታተኑ ድንጋዮች ናቸው።

ከሰዓት በኋላ በምስር ጣቢያ አጠገብ ወዳለው ኮም ኤል ዲካ ይሂዱ። ጎብኚው ሁሉ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ባለ እብነ በረድ መቀመጫ የሮማውያኑን ትንሽ ቲያትር ነው፤ ይሁን እንጂ ከጎኑ ተደርድረው የሚታዩት የመማሪያ አዳራሾች፣ የመምህሩ ወንበር ቦታ ሳይቀር የሚለይባቸው በመሆናቸው፣ የበለጠ ጊዜ ሊሰጣቸው ይገባል። ጉልበት ከተረፈዎት እ.ኤ.አ. በ2023 ከረጅም እድሳት በኋላ የተከፈተውን የግሪክና የሮማ ሙዚየም ያክሉበት።

በነቢ ዳንኤል ጎዳና ያለው የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ የተለየ ትርጉም አለው። አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃን በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጵጵስና የተቀበለው ከእስክንድርያው ፓትርያርክ ከቅዱስ አትናቴዎስ ሲሆን፣ አቡነ ባስልዮስ በ1951 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሆነው እስከተሾሙበት ጊዜ ድረስ ቤተ ክርስቲያናችን በማርቆስ መንበር ሥር ቆይታለች። በር ላይ ፍተሻ ስላለ ፓስፖርትዎን ይያዙ።

ሁለተኛው ቀን የባሕሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ከተከፈተው ከአዲሱ የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ይጀምሩ፤ ወደ ባሕሩ ያዘነበለ ክብ ጣሪያውንና የብዙ ሕዝቦች ፊደላት የተቀረጹበትን የግራናይት ግድግዳውን ካዩ በኋላ በደረጃ የተዘረጋውን የንባብ አዳራሽና ምድር ቤት ያለውን የጥንታዊ ቅርሶች ሙዚየም ይጎብኙ። ቀጥሎም ኮርኒሽ የሚባለውን የባሕር ዳር ጎዳና ይዘው ወደ ምዕራብ በእግር ይጓዙ። በጎዳናው ጫፍ ያለው የቃይትባይ ምሽግ እ.ኤ.አ. በ1477 የተሠራው፣ ከጥንቱ ዓለም ሰባት ድንቆች አንዱ የነበረው የፋሮስ መብራት ማማ በመሬት መንቀጥቀጥ በወደመበት ቦታ ላይ ሲሆን፣ ከማማው ፍርስራሽ የተወሰዱ ድንጋዮችም ገብተውበታል።

ከምሽጉ ሲወጡ በዚያው አካባቢ ካሉት የዓሣ ቤቶች በአንዱ ምሳዎን ይብሉ። በረዶ ላይ ከተዘረጋው ዓሣ መርጠው ያስመዝናሉ፤ የኪሎውን ዋጋ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ከዚያም የተጠበሰ ወይም በፍም የበሰለ ብለው ያዝዛሉ። ጾም የያዘ ሰው ፉልና ፈላፍል በየመንገዱ ያገኛል፤ ፉሉን በቅቤ ሳይሆን በዘይት እንዲያደርጉለት መናገር ብቻ ይበቃዋል።

ጥቁርና ቢጫ ቀለም ባላቸው ታክሲዎች ሲጠቀሙ ሳይገቡ በዋጋ ይስማሙ። በብዙዎቹ የቅርስ ቦታዎች ክፍያው በባንክ ካርድ ስለሆነ በጥሬ ገንዘብ ብቻ አይተማመኑ፤ የተማሪ መታወቂያ ያለው ሰውም ቅናሽ ያገኛል። በምሥራቁ ጫፍ ያለው የሞንታዛ የአትክልት ስፍራ ለማረፍ ጥሩ ቢሆንም ከመሐል ከተማ ስለሚርቅ፣ ሦስተኛ ቀን ከሌለዎት ይተዉት።