ስክሪፕት ፋይሎችን አዋህዶ ማሳነስ፦ ለጎንደር ሆቴሎች ድረ ገጽ ለምትሠሩ

ጥር 11 ሲቃረብ ለጥምቀት የመጣ እንግዳ ፒያሳ ላይ ቆሞ አልጋ የሚፈልገው በስልክ ዳታ ነው። የሆቴሉ ገጽ 15 የጃቫስክሪፕት ፋይሎችን ለየብቻ ሲጠራ፣ በኤችቲቲፒ 1.1 (ብሮውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ደንብ) ብሮውዘሩ ከአንድ ሰርቨር ጋር በአንዴ የሚከፍተው 6 ግንኙነት ስለሆነ የቀሩት ወረፋ ይይዛሉ።

ፋይሎቹን በቅደም ተከተል አዋህዷቸው፦ ጄኬሪ (ዝግጁ የጃቫስክሪፕት ኮድ ስብስብ) ከላይ፣ በእሱ ላይ የቆሙት ፕለጊኖች (ተጨማሪ ኮዶች) ቀጥለው፣ የራሳችሁ ኮድ መጨረሻ። በየመሃላቸው አዲስ መስመርና ሴሚኮለን (;) አስገቡ፤ ይህን እባካችሁ አትዝለሉት። አንዱ ፋይል ያለ ሴሚኮለን አልቆ ቀጣዩ በቅንፍ ከጀመረ፣ ብሮውዘሩ ሁለቱን እንደ አንድ የፈንክሽን ጥሪ ያነባቸዋል። ስህተት ይነሳል፣ ከዚያ በታች ያለው ኮድም ሁሉ ይቆማል።

የተዋሃደውን ቴርሰር ወይም ኢኤስቢልድ በሚባል የኮድ ማሳነሻ ፕሮግራም አሳንሱት፤ ትርፍ ክፍተትና ማብራሪያ ይወገዳል፣ የውስጥ ስሞች ያጥራሉ። ቀጥሎ ሰርቨሩ ላይ ፋይሎችን ጨምቆ የሚልከውን ጂዚፕ አብሩ። ኤንጂንክስ በሚባለው የሰርቨር ሶፍትዌር ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፦ ጂዚፕ ቢበራም በራሱ የሚጨምቀው ኤችቲኤምኤልን ብቻ ስለሆነ የጃቫስክሪፕትን ዓይነት በእጅ መጨመር ያስፈልጋል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ጄኬሪ 3.6 ሙሉው 280 ኪሎባይት ገደማ ነው፤ ሲያንስ 90፣ በጂዚፕ ደግሞ 30 ገደማ ይሆናል።

የአልጋ ማስያዣው ገጽ ብቻ የሚጠቀምበትን ካላንደር ለብቻው ተዉት። የተዋሃደውን ፋይል በዲፈር (ገጹ ተነቦ እስኪያልቅ ኮዱን በሚያቆይ ትእዛዝ) ጥሩት፤ ገጹ ውስጥ የተጻፈ ጄኬሪ የሚጠራ ኮድ ካለ ግን ቀድሞ ስለሚሠራ ይሰበራል፣ ወደ ፋይሉ አስገቡት። ኮዱ በተቀየረ ቁጥር የፋይሉን ስም ለውጡ፤ አለዚያ የደንበኛው ስልክ ያስቀመጠውን አሮጌ ኮድ ያስነሳል።