ከስፖርት ካርድ ላይ ያልተፈለገ ፊርማ እንዴት ይለቃል?

የቤዝቦል፣ የቅርጫት ኳስ ወይም የእግር ኳስ ካርድ በጅምላ የገዛ ሰው፣ ልጅ ስሙን በማርከር የጻፈበት ወይም ማን እንደፈረመው የማይታወቅ ካርድ አያጣም። ቀለሙ መልቀቅ አለመልቀቁን የሚወስነው የማስለቀቂያው ጉልበት ሳይሆን የካርዱ ገጽ ነው። ቀለሙ የካርዱን ፊት በሚሸፍነው ስስ ልባስ ላይ ተቀምጦ ከሆነ ይነሳል። ካርቶኑ ከጠጣው ግን ካርዱ ሳይበላሽ አይወጣም።

ከሁሉ በፊት ፊርማው መነሳት ያለበት መሆኑን ይለዩ። አንዳንድ የካርድ አምራቹ የቶፕስ ዕትሞች፣ ለምሳሌ የ1952 እና የ1975ቱ፣ የተጫዋቹ ፊርማ ከፎቶው ጋር አብሮ ታትሞባቸው ነው የወጡት። የዚያኑ ካርድ ሌላ ቅጂ ቢያዩ ፊርማው በዚያው ቦታ፣ በዚያው ቅርጽ ይገኛል፤ ይህ የካርዱ አካል ነው። ጀርባው ላይ ፊርማው እውነተኛ ስለመሆኑ የአምራቹ ማረጋገጫ የሰፈረበትን ካርድ ደግሞ ንክች እንዳያደርጉት፤ ዋጋው ያለው ፊርማው ላይ ነው።

ካርዱን ለደረጃ ምዘና የመላክ ሐሳብ ካለዎት አንድ ነገር ይወቁ። እንደ ፒ.ኤስ.ኤ. ያሉ፣ የካርድን ይዞታ መርምረው ደረጃ የሚሰጡ ድርጅቶች በኬሚካል የመጽዳት ምልክት ያዩበትን ካርድ መደበኛ ደረጃ አይሰጡትም። የሚሸጡትም ከሆነ ፊርማ እንደነበረበትና እንደጸዳ ለገዢው ይንገሩት።

አሁን ገጹን ይመርምሩ። በ10 እጥፍ ማጉያ መነጽር የፊርማውን መስመር ዳር ይመልከቱ። ዳሩ በምላጭ እንደተቆረጠ ጥርት ያለ ከሆነ ቀለሙ ልባሱ ላይ ነው። እንደ ሥር ጭረት እየተበተነ ወደ ጎን የሸሸ ከሆነ ግን የወረቀቱን ቃጫ ተከትሎ ገብቷል ማለት ነው፤ እዚህ ላይ ያቁሙ። ከ1993 ጀምሮ የወጣው ቶፕስ ፋይነስት፣ የ1996ቱ ቶፕስ ክሮምና በኋላ የመጣው የሌላው አምራች የፓኒኒ ፕሪዝም ዕትም ገጻቸው ስለማይመጥ ለዚህ ሥራ ይመቻሉ። የ1950ዎቹና የ60ዎቹ ካርዶች አብዛኞቹ ባዶ ካርቶን ናቸው ማለት ይቻላል። ፊቱ የሚያብረቀርቅ ካርድም ጀርባው ሻካራ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱን ገጽ ለየብቻ ያጣሩ።

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ 91 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ፣ ነጭ ሶፍት፣ የመነጽር መወልወያ ጨርቅ። ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል ቀለሙን ያሟሟል፤ ነገር ግን ቀሪው 30 በመቶ ውሃ በመሆኑ የካርዱን ጠርዝ ያሳብጣል። ሳኒታይዘር ግሊሰሪን ስላለው የሚያጣብቅ ስስ ሽፋን ይተዋል። አሴቶን ከፊርማው ጋር የፋብሪካውን ሕትመት ይዞ ይሄዳል። የጥርስ ሳሙናና “ተአምረኛው” የሜላሚን ስፖንጅ ቀለሙን የሚያነሱት ልባሱን እየሞረዱ ነው፤ ቦታው ለዘለቄታው ይደበዝዛል።

መጀመሪያ ከዚያው ዕትም ርካሽ ካርድ ወስደው፣ ተመሳሳይ ማርከር ጭረውበት አንድ ቀን አሳድረው ይሞክሩ። ሙከራው የተበላሸበት ካርድ ዋጋው ሳንቲም ነው።

ከዚያ ዋናው ሥራ ይመጣል። ጥጡን አልኮል ውስጥ ነክረው ወዲያው ሶፍት ላይ ጫን በማድረግ ትርፉን ያስመጥጡ። ካርዱን ሲነካ ጠብታ የሚተው ከሆነ በዝቶበታል። ከፊርማው አንድ ጫፍ ይጀምሩና ጥጡን በጣቶችዎ መካከል እያሽከረከሩ በመስመሩ ላይ ያንከባልሉት። አይፈትጉ። ፍተጋ የሟሟውን ቀለም ንጹሕ ወደነበረው ቦታ ገፍቶ ሐምራዊ ደመና ያደርገዋል፤ በመካከል የገባ አቧራ ካለም ገጹን ይቧጭራል። የሚንከባለል ጥጥ ግን ቀለሙን ወደ ራሱ አንስቶ ይሄዳል። በአንድ ጊዜ 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ፣ ለ2 ወይም 3 ሰከንድ። ጥጡ ቀለም ሲይዝ ወደ ንጹሑ ጎን ያዙሩት፤ ሁለቱም ጎን ከቆሸሸ ይጣሉት። ለአንድ ሙሉ ፊርማ ከ10 በላይ ጥጥ ቢያልቅ አይግረምዎት፤ የተበከለውን ጥጥ ደግሞ መጠቀም ያነሱትን ቀለም መልሶ መቀባት ነው።

አብዛኛው ሰው ካርዱን የሚያበላሸው ጠርዙ ጋ ሲደርስ ነው። ካርዱ ሲቆረጥ ልባሱም አብሮ ስለሚቆረጥ ጠርዙ የተጋለጠ ካርቶን ነው። ቀለም ያዘለ አልኮል እዚያ ከደረሰ እንደ ጧፍ ክር ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚያወጣው የለም። ስለዚህ በመጨረሻዎቹ 3 ሚሊ ሜትር ላይ እርጥበቱ እምብዛም የማይታወቅ አዲስ ጥጥ ይያዙ፣ የሚያንከባልሉትም ከጠርዝ ወደ መሃል እንጂ ከመሃል ወደ ጠርዝ አይሁን። በወርቅና በብር ቅብ የታተሙ ፊደላትንና የዕትም ቁጥሮችንም ይራቁ፤ ቅቡ ይላጣል።

ካርዱ ለጥቂት ደቂቃ ከደረቀ በኋላ ጥላ ቢቀር አንድ ዙር ይድገሙ። ጥጡ ነጭ እንደሆነ እየተመለሰ ጥላው ካለ፣ ማቅለሚያው ልባሱ ውስጥ ሰርጿል። ያረጀ ፊርማ ላይ ይህ የተለመደ ነው። ከዚህ በላይ መቀጠል ጥላውን በድብዝዝ ገጽ መለወጥ ነው።

ፊርማው ላይ በነጭ ሰሌዳ ማርከር ደርቦ ቀብቶ ወዲያው የመጥረጉ ዘዴ በአንጸባራቂ ገጽ ላይ እውነትም ይሠራል። ሆኖም ሁለተኛ ቀለም ስለሚጨምር ጠርዝ አካባቢ ባይጠቀሙት ይሻላል።

በእስክሪብቶ የተጻፈ ከሆነ ቀለሙ በዚሁ መንገድ ይለቃል፤ የብዕሩ ጫፍ የቆፈረው መስመር ግን ይቀራል። ከመጀመርዎ በፊት የእጅ ባትሪ ከጎን አብርተው ጉድጓዱን ይዩት፤ ጥልቅ ከሆነ ድካሙ ዋጋ የለውም። የብርና የወርቅ ቀለም ማርከሮች ቀስ ብለው ነው የሚለሰልሱት፤ የተነሳውን ቅርፊት በጥፍር አይፋቁ።

ባዶ ካርቶን ላይ የተጻፈውን ይተዉት። በረኪና ወረቀቱን አንጥቶ ያዳክመዋል፣ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ደግሞ ፓርማነንት ማርከርን አያሟሟም።

ሲጨርሱ ገጹን በደረቅ የመነጽር ጨርቅ አንድ ጊዜ ብቻ ዳበስ ያድርጉና ካርዱን ለአንድ ሰዓት ያህል ክፍት ቦታ ያቆዩት። አልኮሉ ተኖ ሳያልቅ ፕላስቲክ ውስጥ ከገባ ገጹ ከፕላስቲኩ ጋር ሊጣበቅ ይችላል።