ጀልባዋ ለምን ከበደች? የፈጣን ጀልባ ፕሮፔለር ችግርና መፍትሄ

ይህ የተጻፈው ከ100 የፈረስ ጉልበት በላይ የሆነ ሞተር ከኋላቸው ለተሰቀለባቸው ፈጣን ጀልባዎች ነው። ነዳጁ ንጹሕ፣ ካንዴላው ደህና፣ የጀልባዋም ሆድ የጸዳ መሆኑን አይታችኋል ብዬ እነሳለሁ። ያላያችሁ አይታችሁ ተመለሱ።

ምልክት፦ ነዳጅ እስከ ጥግ ተሰጥቶ ሞተሩ ዙሩን (በደቂቃ መዞር ያለበትን ያህል) አይሞላም፤ ጀልባዋ አፍንጫዋን ሰቅላ ውሃ ታርሳለች እንጂ ብድግ ብላ አትንሸራተትም

ወደ እኔ የሚመጣው ቅሬታ አብዛኛው ይኸው ነው። ምክንያቱም ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ አንድ ነው፦ የፕሮፔለሩ፣ ማለትም ከሞተሩ ሥር ውሃውን የሚገፋው ባለክንፍ ማዞሪያ፣ ፒች በዝቷል።

እምብርቱ (ክንፎቹ የተያያዙበት መሃል) ላይ 14 × 21 ተብሎ ከተቀረጸ፣ 14 የፕሮፔለሩ ስፋት ሲሆን 21 ደግሞ ፒቹ ነው። ይህም ውሃው ምንም ባያንሸራትተው በአንድ ሙሉ ዙር ወደፊት የሚሄደው ርቀት በኢንች ማለት ነው። ፒቹ ሲበዛ ጀልባዋ የምትፈጥን የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። የምትፈጥነው ሞተሩ ማዞር ከቻለ ብቻ ነው፤ ካልቻለ ግን የዓባይን ሸለቆ በአራተኛ ማርሽ እንደ መውጣት ነው።

የእኛ ሐይቆች ጉዳይ ደግሞ የባሰ ነው። ሞተር ጉልበት የሚያገኘው ነዳጅን ከአየር ጋር አቃጥሎ ነው፤ ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ቱርቦ ወይም ሌላ አየር መጭመቂያ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ሐዋሳ ወደ 1,700፣ ላንጋኖ ወደ 1,600 ሜትር ይጠጋሉ። ክዳኑ ላይ 150 የተጻፈበት ሞተር ባሕር ዳር ሲደርስ 123 የፈረስ ጉልበት ቢሰጥ ነው። «ሞተሬ በኮምፒውተር ራሱን ያስተካክላል» የሚለኝ ደንበኛ አይጠፋም። የነዳጁን መጠን ያስተካክላል፤ የሌለ አየር ግን አይፈጥርም።

በእጄ ከሚያልፉት ጀልባዎች ብዙዎቹ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ያገለገሉ ሆነው የገቡ ናቸው። ፕሮፔለራቸው የተመረጠው በባሕር ወለል ከፍታ፣ ሁለት ሰው ጭኖ ለመብረር ነው። እዚህ ስምንት ሰውና ሙሉ ታንክ ይጫንባቸዋል።

ላንጋኖ ዳርቻ ያለ አንድ መዝናኛ ስፍራ እንዲህ ያለች ጀልባ ነበረችው። 4,600 ዙር ላይ ቆማ አልንቀሳቀስ ስትል ካንዴላ ተቀየረ፣ ኢንጄክተር ታጠበ፣ የነዳጅ ፓምፕ ተገዛ፤ እኔ ስደርስ የሞተሩን ራስ ለመክፈት ብሎን እየፈቱ ነበር። ጎንበስ ብዬ እምብርቱ ላይ የተጋገረውን ጭቃ በጣቴ ጠረግሁት፦ 21። በ17 ለወጥነው። በዚያው ቀን፣ በዚያው ጭነት 5,300 ዙር ሄደች፤ ፍጥነቷም ጨመረ። ባለቤቱ ግን አሁንም 21ዱን ቢሮው ውስጥ ሰቅሎታል፣ ስለሚያብረቀርቅ።

መፍትሄ፦ ሞተሩን አሙቁ፤ በየዕለቱ የምትጭኑትን ያህል ጫኑ፤ ነዳጅ እስከ ጥግ ስጡና የደረሰበትን ዙር መዝግቡ። ከዚያ የሞተሩን መመሪያ ክፈቱ። ለምሳሌ ለያማሃ ኤፍ 150 የተፈቀደው ከ5,000 እስከ 6,000 ነው። ያገኛችሁት ዙር ከተፈቀደው የላይኛው ግማሽ ውስጥ መውደቅ አለበት። አንድ ኢንች ፒች ሲቀነስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል፤ ስለዚህ 600 የጎደለው ሰው ከሦስት እስከ አራት ኢንች ይቀንሳል። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ማስጠንቀቂያ፦ «ቀስ ብዬ እነዳታለሁ» ብላችሁ አትተዉት። ከአቅሙ በላይ የተጫነበት ሞተር ሲሊንደሩ ውስጥ እያንኳኳ ይሠራል፤ ይግላል፤ ፒስተን እስከ መብሳት ይደርሳል።

ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ፦ ፒች በግራይንደር አይቀነስም። የክንፎቹን ጫፍ በዓይን ግምት ያስቆረጠ ሰው አጋጥሞኛል። ክንፎቹ እኩል ስላልነበሩ ዘንጉ ሲርገበገብ ከረመ፤ ፓራኦሊዮው (ዘይት እንዳይወጣ፣ ውሃ እንዳይገባ የሚከለክለው ጎማ) አለቀ፣ ውሃ ካምቢዮው (የማርሽ ቤቱ) ውስጥ ገባ፣ ኩሽኔታው ዛገ። የፕሮፔለሩን ዋጋ ለማዳን ሙሉ ካምቢዮ ከፈለ።

ሦስተኛ፦ ለጣና የተመረጠውን ፕሮፔለር 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው ጫሞ ስታወርዱት ዙሩን እንደገና ለኩ። ጉልበት ስለሚጨምር ከተፈቀደው ሊያልፍ ይችላል።

ምልክት፦ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባዋ አትሄድም

እምብርቱ ውስጥ ያለው ጎማ ተላቅቋል። ጎማው ፕሮፔለሩ ድንጋይ ሲመታ ካምቢዮውን ለማዳን የተሠራ ነው፤ ሲያረጅ ግን በጉልበት ጊዜ ብቻ ይንሸራተታል፣ በዝግታ ስትሄዱ ደህና ይመስላል። የውስጡን ቱቦና የውጪውን እምብርት አቋርጦ በጥፍር ቀለም አንድ መስመር አስምሩ፤ ሮጣችሁ ስትመለሱ መስመሩ ከተለያየ ነገሩ አለቀ። ጎማውን በሙጫ ለማጣበቅ የሚሞክር ባለሙያ ካገኛችሁ ፕሮፔለራችሁን ተቀብላችሁ ሂዱ።

ምልክት፦ መታጠፊያ ላይ ወይም ማዕበል ሲመታት ዙሩ ድንገት ይዘላል

ፕሮፔለሩ ከላይ አየር እየሳበ ነው። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ሳህን ከጀልባዋ ሆድ ጋር በግምት እኩል መሆን አለበት፤ ሞተሩ ከፍ ብሎ ከተሰቀለ አውርዱት፣ ከልክ በላይ ወደ ውጭ ካዘነበለም መልሱት። ይህ ካልበቃ ባለአራት ክንፍ ግጠሙ፤ ውሃውን የተሻለ ይይዛል። ዙሩን ከ50 እስከ 100 ስለሚቀንስ ፒቹን አንድ ኢንች ዝቅ አድርጋችሁ ምረጡ።

ፕሮፔለሩ ውሃው ውስጥ የተንሸራተተውን መጠን ለማወቅ ዙሩን በፒቹና በ0.001524 አባዙ፤ ለካምቢዮው የማርሽ ምጥጥን አካፍሉ። 5,800 ዙር፣ 19 ፒች፣ ምጥጥኑ 2 ከሆነ፣ ምንም ባይንሸራተት የሚሄደው በሰዓት 84 ኪሎ ሜትር ይወጣል። ጂፒኤሱ 72 ካሳየ 14 በመቶ ተንሸራቷል፤ ደህና ነው። 25 በመቶ ከደረሰ የሚፈተሽ ነገር አለ።

ምልክት፦ ክንፉ ላይ በመርፌ የተወጋጋ የሚመስል ጉድጓድ

ውሃው በክንፉ ጀርባ ግፊቱ ወርዶ እየፈላ፣ አረፋው ሲፈርስ ብረቱን ይቦረቡረዋል። መነሻው ብዙውን ጊዜ የታጠፈ ወይም የተሸረፈ የክንፍ ጠርዝ ነው። አልሙኒየም ከሆነ ጣሉት፤ ስቴይንለስ ከሆነ ማስጠገን ያዋጣል። ስቴይንለስ ክንፉ ስስ ስለሆነ በፍጥነት ይበልጣል፤ ድንጋያማ ዳርቻ ላይ ግን ምቱን ወደ ካምቢዮው ያስተላልፋል። እንዲህ ባለ ቦታ አልሙኒየሙ ቢሰበር ይሻላል።

ምልክት፦ የካምቢዮ ዘይት ወተት መስሏል

ውሃ ገብቶበታል፤ ፕሮፔለሩን ፍቱት። ብዙውን ጊዜ ከጀርባው የዓሣ መረብ ክር ተጠምጥሞ ፓራኦሊዮውን ቆርጦታል። ጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ እምቦጭ ተጨምሯል፤ በግንዱ ውስጥ ተጥሎ የቀረ የመረብ ቁራጭ አብሮ ይጠመጥማል። ሞተሩን ወደ ኋላ አዙሮ ለማራገፍ መሞከር ክሩን ይበልጥ ያስገባዋል። ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉን ንቀሉ፣ ከዚያ በእጅ አጽዱ። ቁልፉን ንቀሉ። እጃችሁ ክንፉ ውስጥ እያለ ሕፃን ልጅ ቁልፍ ሊያዞር ይችላል።

አልፎ አልፎ የሚገጥም፦ አዲስ ፕሮፔለር ከተገጠመ በኋላ ካምቢዮው ጥርስ ካፋጨ፣ ከፕሮፔለሩ በፊት የሚገባው ወፍራም ሮንዴላ ተረስቷል። ዳዶው ኮፒሊያ (እንዳይፈታ የሚይዘው ሹካ መሰል ሽቦ) ከሌለው ፕሮፔለሩ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ባለሁለት ሞተር ጀልባ ላይ ማርሹን ወደፊት አስገብታችሁ ሁለቱም ሞተሮች ወደ ኋላ ከጎተቱ፣ የግራና የቀኝ ፕሮፔለር ተቀያይሯል፤ አቀያይሩት።